የሚስቱ እንቅልፍ

የሥራ ባልደረቦቹ «ግራም» ነበር የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት መድኃኒት ሲቀምም የኖረ ሰው ነው፤ ቅባቱን ሲያሸት፣ ሽሮፑን ሲበጠብጥ፣ ለሕፃናት የሚታዘዘውን ዱቄት በትንሿ ሚዛን እየለካ በወረቀት ሲጠቀልል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ስህተት አልተገኘበትም። ጡረታ ከወጣ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም፤ ሻይ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር እንኳ የማንኪያውን አናት በጣቱ ደልድሎ ነው። የሚስቱ ታላቅ እህት፣ ምላሷ እረፍት የማያውቅ ሴት፣ «አማቻችን ሲስቅም መዝኖ ነው» ትል ነበር።

ሚስቱም ብትሆን ከእሱ የምታንስ አልነበረችም። ዕድሜዋን የጨረሰችው በሸሚዝ ፋብሪካ ጥራት ስትቆጣጠር ነው። ሸሚዙን ገልበጥ ታደርጋለች፣ ብብቱን ታያለች፣ አንገትጌውን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፤ አንዲት የዘለለች ስፌት ካገኘች አለቀ፣ ወደ ሰፊዋ ይመለሳል። ሰፊዎቹ ሲወዷትም ሲጠሏትም «ያቺ ሴትዮ ዓይኗ መርፌ ነው» ይሏት ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ግን ማታ ማታ የምትውጠውን ነገር ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ባሏ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ብልቃጡን ያወርዳል፤ አንድ እንክብል መዳፏ ላይ ያስቀምጣል፤ ውሃ ያቀብላታል። ትውጣለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭልጥ ትላለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ላይዋ ላይ ቢፈርስም አትሰማም። ልማዱ የጀመረው አንድያ ልጃቸው የሞተች ሰሞን ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሐሙስ ዕለት ራሴን አመመኝ ብላ ከትምህርት ቤት መጣች፤ እሁድ አልነበረችም።

ነገሩን የቀሰቀሰው የሚስቲቱ መውደቅ ነው። አንድ ጠዋት የኪኒኑ ድንዛዜ ገና ሳይለቃት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ እግሯ ከዳትና እጇ ላይ ወደቀች፤ አንጓዋ ተሰበረ። ክሊኒክ ወስደዋት ጀሶ ካደረጉላት በኋላ ወጣቱ ሐኪም ምን ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቃት። ስትነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይሄ ኪኒን በእርስዎ ዕድሜ እግር ያስራል። ዛሬ አንጓ ነው፣ ነገ ዳሌ ይሆናል። ማስታወስም ያዳክማል። ቢተዉት ይሻላል።»

«አንተ እንቅልፍ አለህ ልጄ?» አለችው።

«አለኝ።»

«እንግዲያው የሌለውን ሰው አትምከር።»

ሐኪሙ አልተቀየማትም። ኪኒኑ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ሰውነት እንደሚያምፅ፣ ስለዚህ በወራት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተባለ መቀነስ እንዳለበት አስረዳት። እዚያው ክሊኒክ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ እንደ እሷ ያሉትን ትሰበስባለችና ይምጡ አላት። ግራም ከጎኗ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። አዲስ ነገር አልሆነበትም። ይህ ኪኒን ከጥቂት ሳምንት በላይ መወሰድ እንደሌለበት ያ ሐኪም ፊደል ሳይቆጥር በፊት ያውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ማክሰኞ ሁለቱም ሄዱ። ዘጠኝ ሽማግሌና አሮጊት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ነርሷ ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እንቅልፍ እምቢ ሲል አልጋ ላይ መገላበጥ እንደማይበጅ፣ ተነስቶ ወንበር ላይ ቆይቶ ዓይን ሲከብድ መመለስ እንደሚሻል፣ ምንም ቢታደር ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት እንደሚገባ ነገረቻቸው። አንድ ጡረተኛ የባቡር ሹፌር እጁን አወጣና «እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ እዚህ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው፤ በየቀኑ አይደረግልንም?» አለ። ሁሉም ሳቁ። የግራም ሚስትም ሳቀች።

ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሳቁ አልተከተላቸውም። ሐኪሙ ያዘዘላትን አነስ ያለ እንክብል በጀመረች ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በማግስቱም እንዲሁ። ባሏን ያስጨነቀው መንቃቷ አልነበረም፤ መናገሯ ነው። በጨለማው ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ልጅቷ ታወራ ጀመር፤ ስለሚነቃነቀው የላይ ጥርሷ፣ የጫማ ክር ስታስር ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ስለማውጣቷ። ሃያ ሁለት ዓመት በሌሊት የሰው ድምፅ ሰምቶ የማያውቀው ሰው ግድግዳውን እያየ ያዳምጣል። በአራተኛው ሌሊት፣

«ስትቀበር ምን ነበር የለበሰችው?» አለችው።

«ተኚ።»

«እኔ አላለበስኳትም። ማነው ያለበሳት?»

ግራም ተነሳ፤ መብራት አበራ፤ የድሮውን፣ ትልቁን እንክብል አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «በቃ፣ ይቅርብሽ። ይሄ ነገር ላንቺ አይሆንም» አላት። ውጣ ተኛች። እሱም ተኛ። ሲነጋ ለእሷ አዝኖ እንዳደረገው ለራሱ ነገረው፤ አመነውም።

የተሰበረው አንጓ ግን በየቀኑ ፊቱ ላይ ነበር። እያደር አንድ ሐሳብ መጣለት። ሚስቱን ያስቸገራት የኪኒኑ ማነስ ሳይሆን ማነሱን ማወቋ ነው። ካላወቀችስ? ቀድሞ አብሮት ይሠራ ከነበረ ሰው ዘንድ ሄዶ ባዶ የእንክብል ቅርፊት አመጣ። ያቺን የድሮ ሚዛኑን ከካርቶን አወጣ። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ፣ የእሱ ዕቃ ማከማቻ ሆና በቀረችው በልጅቷ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ያነጥፋል። እንክብሉን ይከፍታል፤ ከመድኃኒቱ ከአሥር አንድ እጅ ይቀንሳል፤ በምትኩ የበቆሎ ዱቄት ይሞላል፤ ይገጥማል፤ ጣት እንዳይታይበት በጨርቅ ይወለውለዋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ሌላ አንድ እጅ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቶ አያውቅም።

በአምስተኛው ወር መጨረሻ እንክብሉ ውስጥ የበቆሎ ዱቄት ብቻ ቀረ።

ሚስቱም ተኛች። እንደ በፊቱ በድን ሆና አይደለም፤ ትገላበጣለች፣ አንዳንዴ ተነስታ ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች፤ ግን ትተኛለች። ጠዋት ፊቷ ማበጡን ተወ። የጎረቤት ልጆችን ስም መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን የመጋረጃውን ጠርዝ አየችና «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የተተረተረው?» አለች፤ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሌላ ቀን ምሳ እየበሉ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «አንተ አርጅተሃል እኮ» አለችው፤ ልክ ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሰው። ግራም ሳቀ፤ ሳይመዝን ሳቀ።

በስድስተኛው ወር ለአንጓዋ ቀጠሮ ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ እጇን አገላብጦ ካየላት በኋላ ነርሷን ጠራትና «ኪኒኑስ እማማ?» አለ።

«አልተውኩትም። ማታ ማታ እውጣለሁ፣ ጥግብ ብዬ እተኛለሁ፣ ዳግመኛም አልወደቅሁም። እናንተ ናችሁ ሰው የምታስፈራሩት።»

ግራም ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። ስንት ወር ሙሉ ማንም ያላየለት ሥራ ሠርቷል፤ ሥራው የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆመዋል።

«ኪኒን ከቀመሰች ሦስት ሳምንቷ ነው» አለ። «የምትውጠው የበቆሎ ዱቄት ነው።»

ከዚያም አንድ ሳያስቀር ዘረዘረላቸው፤ በየስንት ቀኑ ስንት እንደቀነሰ፣ ቅርፊቱን ከየት እንዳመጣ፣ ሚዛኑ እስከ ስንት ሚሊግራም እንደሚለይ። ሲጨርስ የሚያመሰግነው አላገኘም። ሐኪሙ ነርሷን አየ፤ ነርሷ ሚስቲቱን አየች።

«እሳቸው ያውቁ ነበር?» አለች ነርሷ።

«ብታውቅማ መች ይሆን ነበር?»

«አባባ፣ አቀናነስዎ ልክ ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አልልም። ግን የእሳቸው ሥራ ነበር፤ ወሰዱባቸው።»

ሚስቱ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች። «እንሂድ» አለች።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ግራም አንድ ሁለት ቀን ታኮርፍና ይወጣላታል ብሎ አሰበ። «ያለ ምንም ነገር ነው እኮ የምትተኚው። በራስሽ» አላት። ከመስኮቱ ዞራ አየችው።

«ማታ ማታ መዳፌን ስዘረጋልህ ፊቴን ታየው ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

እሱ የአውቶቡሱን ትኬት በጣቶቹ እየጠቀለለ ወደ መንገዱ አየ።

ቤት እንደገቡ ሻርፗን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ሻይ ሊጥድ ምድጃውን ሲለኩስ ከኋላው፣

«ያን ቀንስ?» አለችው።

«የቱን ቀን?»

«ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን ሲያድር አልቀለለለትም ነበር። በልጅቷ ቀብር ላይ ለምን እንዳልተገኘች ስትጠይቅ «ራስሽን ስተሽ ወድቀሽ ነው» ያላት እሱ ነው። እህቷም ይህንኑ አለች፤ ወንድሙም አለ፤ ጎረቤቱም ከእነሱ ሰምቶ ይህንኑ አለ። አሁንም ደግሞ ሊለው ይችል ነበር። ምድጃውን አጠፋና ዞረ።

«ሁለት ፍሬ» አላት። «በወተት አድርጌ።»

«ማን ስጣት አለህ?»

«እህትሽ አትችለውም አለች። ወንድሜ ሰው ፊት ትዋረዳለች አለ። የሰጠሁሽ ግን እኔ ነኝ።»

«ራሴን ሳትኩ ነው ያላችሁኝ።»

«አዎ።»

«ሁላችሁም።»

«ፊትሽን ስትቧጭሪ ነበር ያደርሽው። ልጅቷን አላስነካም ብለሽ ስንት ሰው ነው የታገለሽ። ጉድጓድ ውስጥ ትዘያለሽ ብለን ፈራን።»

«ብዘል ታወጡኝ ነበር» አለች። «ሰው ለዚያ አይደል እንዴ የሚሰበሰበው?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የተበላሸ ሸሚዝ እንደምትመልስ ሰው አንድ በአንድ ነበር የምታስቀምጠው። «በልጄ ቀብር ላይ መቆም ያቃተኝ እናት ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ፋብሪካ ስመለስ ሰፊዎቹን ቀና ብዬ ማየት ያፈርኩት ለዚህ ነበር። ኪኒንህን ስውጥ የኖርኩትም ለዚህ ነበር። ሌሊት ነቅቼ ይህን እንዳላስብ።»

ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ንገረኝ አለችው። ማን ማን እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደተነሱ፣ ሳጥኑን ማን እንደተሸከመው። ግራም በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ጀመረ። ወንድሙ ከፊት በቀኝ፤ አናጢው ጎረቤታቸው በግራ፤ ከኋላ የእህቷ ባል።

«አራተኛውስ?»

ግራም በጣቶቹ ቆጠረና ሦስቱ ላይ ቀረ።

«መጀመሪያ አፈር የጣለባት ማነው?»

«እኔ» አላት።

አየችው። በዚያ ዓይን ስንት ሺህ ሸሚዝ አልፏል። «አታውቀውም» አለች።

እውነት ነው፤ አያውቀውም። ያን ቀን ሁለቱን ፍሬ ወተቱ ውስጥ የጨመረው ሳይመዝን ነበር፤ ክብደቷን ሳይገምት፣ ከሁለት ቀን ጀምሮ እህል አለመቅመሷን ሳያስብ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ቆሞ የሚያስበው በዛባት ይሆን፣ ትንፋሿ ቀጥ ብሎ ይሆን እያለ ነበር። አፈሩ ሳይደለደል ወደ ቤት ሮጦ አፍንጫዋ ሥር እጁን አድርጎ ቆመ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ አሁን ለእሷ ነገራት። ይህን ስትሰማ ልቧ ይራራልኝ ይሆናል ብሎም ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲያው ያቺን ልጅ አንተም አልቀበርካትም፣ እኔም አልቀበርኳትም» አለችና ተነሳች።

ዕለቱን የልጅቷን ክፍል ባዶ አደረገችው። ሚዛኑን፣ ብልቃጦቹን፣ ካርቶኖቹን አንድም ሳትሰብር አውጥታ በኮሪደሩ ላይ ደረደረቻቸው። ፍራሿን አስገብታ በሩን ዘጋች።

የበቆሎ ዱቄት መሆኑን ካወቀች በኋላ እንቅልፉም ጥሏት ሄደ። ሦስት ሳምንት ያህል ግራም ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲጢጥ ሲል እየሰማ ያድራል፤ እንደታዘዘችው ተነስታ ትቀመጣለች፣ ቆይታ ትተኛለች፣ ደግሞ ትነሳለች። አንድ ጠዋት ዓይኗ ደም መስሎ ስትወጣ አንጀቱ አልችል አለና ብልቃጡን ይዞ ቀረባት። «ይሄ እውነተኛው ነው። ለአንድ ቀን ብቻ እረፍት አግኚ» አላት። እባብን ያየ በልጥ በረየ። እጁ ላይ ያለውን እንክብል አየችና «እንዴት ብዬ ነው እውነተኛ መሆኑን የማውቀው?» አለችው። አስመስላ አይደለም፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻዋን ትሄዳለች። የባቡር ሹፌሩ ወንበር ይይዝላታል አሉ። ኪኒኑ ዳግመኛ ከአፏ አልገባም። በሌላው ቀን ደግሞ ሰው ፍለጋ ትወጣለች። መጀመሪያ እህቷ ቤት ነበር የሄደችው።

«ለአንቺ ብለን ነው እኮ እህቴ» አለች ታላቂቱ።

«እትዬ፣ ለእኔ ብላችሁ ሌላስ ምን አድርጋችኋል?» ብላ የቀረበላትን ሳትነካ ወጣች። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት ያልተነካውን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ቀብሩ ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ ታስስ ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። የግራም ወንድም ሞቷል። የእህቷም ባል ሞቷል። አናጢው አልጋ ላይ ነው፤ አወቀኝ ብላ ስትደሰት በሌላ ሰው ስም ጠራት። አንዷ ጎረቤት ከተማ ቀይራለች። በመጨረሻ የልጅቷን የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ አገኘቻት፤ ጆሮዋ የደከመ፣ አእምሮዋ ግን እንደ ምላጭ የሆነ አሮጊት። የክፍሏ ልጆች በሰልፍ መጥተው ነበር አለቻት። አስቀምጡ ያላቸው ሰው ስላልነበረ ሁሉም ቦርሳቸውን በጀርባቸው እንዳዘሉ ቆመው ነበር። የለበሰችውም የትምህርት ቤት ሹራቧን ነበር አለቻት፤ ክርኑ ላይ የተጣፈውን፤ መምህርቷ ከመከደኑ በፊት በዓይኗ አይታዋለች።

ይህን ግራም ከሚስቱ አፍ አልሰማም። እህቷ ናት ከመምህርቷ ሰምታ በስልክ የነገረችው፤ እያለቀሰች። ያ ሹራብ ለምን እንደተመረጠ፣ ማን እንዳለበሳት ሊያስታውስ ሞከረ። ምንም አልመጣለትም። ልጆቹም ቦርሳቸውም ትዝ አላለውም።

ዓመቱ ሲሞላ አንድ ረፋድ ላይ ከክሊኒኩ ስልክ ተደወለ። ያቺ ደልደል ያለችው ነርስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራ ስለነበር ድምፁ የአንዲት የማያውቃት ወጣት ነበር።

«እማማ አሉ?»

«ወጥታለች።»

«እሺ አባባ፣ ለፋይሉ ነው፣ እርስዎም ሊነግሩኝ ይችላሉ። ኪኒኑን እንዳቆሙ ተጽፏል። አሁን ማታ ለስንት ሰዓት ያህል ይተኛሉ?»

ግራም የተዘጋውን በር አየ። አላውቅም ማለት ከበደው።

«ለስድስት ሰዓት ያህል» አለ።

«በጣም ጥሩ ነው። ከቤተሰብም እገዛ ነበራቸው ይላል እዚህ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ።

ሚስቱ የመጣችው ቀትር ላይ ነው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ዛሬም አንድ ሰው ስትፈልግ ነው ያረፈደችው። የራሷን ምግብ አሙቃ፣ ቆማ በላች፤ ሳህኗን አጠበች። ወደ ክፍሏ ስታልፍ ስልኩ ከቦታው መነሳቱን አየች።

«ማን ደወለ?»

«ከክሊኒክ። ለስንት ሰዓት እንደምትተኚ ጠይቀውኝ ነው።»

«ምን አልካቸው?»

«ስድስት።»

«አራት ነው» አለችው። «ሁለተኛ በእኔ ቦታ አትመልስ።»

ገብታ በሩን ዘጋች። ግራም ስልኩን አንስቶ ወደ ክሊኒኩ መልሶ ደወለ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ያነሳለት አልነበረም።